ፋት32 የሆነ ሃርድ ዲስክ፣ ውስጡ ያለው ሳይጠፋ መቀየር ይቻላል?

የባህርዳሯ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እባካችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ።

1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። የቤተሰባችን ነገር በሙሉ እዚያ ላይ ነው ያለው። አባቴ በካሴት የቀዳቸው ድምፆች፣ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የልደት ቪዲዮዎች፣ ስካን ያደረግናቸው የድሮ ፎቶዎች። 612 ጊጋ ሞልቷል። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድምፁ ያለው እዚህ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት የወላጆቼን ሠርግ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር አስገለበጥኩ። አንድ ፋይል ነው፣ 11 ጊጋ። ወደ ሃርድ ዲስኩ ኮፒ ላደርገው ስል ፋይሉ ለዚህ ፋይል ሲስተም በጣም ትልቅ ነው ይለኛል። ባዶ ቦታ ግን ከ300 ጊጋ በላይ አለ። ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ስገባ ፋት32 ይላል።

ሰፈር ያለ ኮምፒውተር ቤት ብወስደው "ፎርማት ይደረግ" አሉኝ። ፎርማት ከተደረገ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለኝ ባዶ ቦታ 180 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ወደዚያ ላወርደው አልችልም። ሳይጠፋ የሚቀየርበት መንገድ አለ? ዊንዶውስ 10 ነው የምጠቀመው።

ዋይፋይ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ፎርማት አያስፈልገውም እህቴ። ዊንዶውስ ራሱ ኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ አለው። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚን ክፈቺ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ኮንቨርት ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ የድራይቩን ፊደልና ሁለት ነጥብ፣ እንደገና ክፍተት ትተሽ /ኤፍኤስ:ኤንቲኤፍኤስ ጽፈሽ ኢንተር በይ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው። ፋት32 የነበረው ኤንቲኤፍኤስ ወደሚባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ይቀየራል፣ ፋይሎችሽ ባሉበት ይቆያሉ። እኔ ሦስት ፍላሽና አንድ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ቀይሬያለሁ፣ አንድም ነገር አልጠፋብኝም።

ጠጋኙ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

በመጀመሪያ አባትሽን ነፍስ ይማር።

ዋይፋይ ያለው ትእዛዝ እውነተኛ ነው፣ ይሠራል። ግን እባክሽ ዛሬ ማታ እንዳትነኪው። መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳሽ፣ ከዚያ ሦስት ጥያቄ አለኝ።

ፋት32 ፋይል ሲስተም ነው፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚመዘገቡበት ሥርዓት። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ በዊንዶውስ 95 ዘመን የመጣ። የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ነው። እዚያ ላይ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ስለዚህ 4 ጊጋ የሞላ ፋይል፣ ዲስኩ ባዶውን ቢሆን እንኳ፣ አይገባም። ያንቺ ዲስክ አልተበላሸም፣ ቫይረስም አይደለም። መዝገቡ ያን ያህል ትልቅ ቁጥር መጻፍ አይችልም፣ ያ ብቻ ነው።

አሁን ጥያቄዎቼ። ዲስኩ የሚሰካው የት የት ነው? ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ወይስ ቴሌቪዥንም ሌላ ሰውም ጋ ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ነገር ሌላ ቦታ ቅጂ አለው? ሦስተኛ፣ ዲስኩ ስንት ዓመቱ ነው፣ ወድቆስ ያውቃል?

የባህርዳሯ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ዲስኩ ወደ ሰባት ዓመት ይሆነዋል። አንዴ ከጠረጴዛ ወድቋል፣ ግን ከዚያ በኋላም ሲሠራ ነው የቆየው። ሌላ ቅጂ የለውም።

የት ይሰካል ላልከው፣ እህቴ ሜሪላንድ ናት። በሚቀጥለው ወር ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስላለ ልልክላት ነው። እሷም የራሷን ፎቶዎች ጨምራ መልሳ ትልከዋለች። እዚያ የምትጠቀመው ማክ ነው።

ሜሪላንድ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ማክ ያልሽው ነገሩን ይቀይረዋል እህቴ። እኔም ማክ ነው ያለኝ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ኤንቲኤፍኤስ የሆነ ዲስክ ልኮልኝ ነበር። ሰካሁት፣ ተከፈተ፣ ቪዲዮውን ሁሉ አየሁ። የራሴን ፎቶ ልጨምር ስል ግን እምቢ አለኝ። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ አይጽፍበትም። ሌላ ሶፍትዌር ካልተጫነ በስተቀር ማለቴ ነው።

ሁለቱም ላይ እንደ ልብ የሚሠራው ኤክስፋት የሚባለው ሌላ ፋይል ሲስተም ነው። ማክ ከ10.6.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ያነበዋል፣ ይጽፍበታልም። እህትሽ ምንም መጫን አይጠበቅባትም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪያት። ማኩ ዲስኩን ማንበብ አልቻልኩም ካላትና "ኢኒሺያላይዝ" የሚል ቁልፍ ካመጣ፣ እንዳትጫነው። ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ ያለው "ኢሬዝ" የሚለውም ያው መደምሰስ ነው።

ጠጋኙ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

ጥያቄውን የጠየቅኩት ለዚሁ ነበር። ሜሪላንድ_ነኝ አመሰግናለሁ።

የባህርዳሯ፣ እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የዊንዶውሱ ኮንቨርት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ከፋት ወደ ኤንቲኤፍኤስ። ወደ ኤክስፋት አይቀይርም። ከኤክስፋት ወደ ሌላም አይቀይርም። ኤንቲኤፍኤስ ካደረገው በኋላም ወደ ፋት32 አይመልስልሽም። ወደ ኤክስፋት ለመሄድ ያለው መንገድ ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ ማድረግ፣ መቁጠር፣ ፎርማት ማድረግ፣ መመለስ ነው። ሌላ ዲስክ ያስፈልግሻል፣ ቢያንስ በውሰት።

ዋይፋይ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:02

ጠጋኙ፣ ሁሉም ሰው እኮ ሁለተኛ ዲስክ መግዛት አይችልም። የዛሬን የዲስክ ዋጋ ታውቀዋለህ። ኤንቲኤፍኤስ ታድርገውና እህቷ ማኩ ላይ አንድ ሶፍትዌር ትጫን። ኮንቨርት የማይክሮሶፍት የራሱ ነው፣ ከመንገድ የተገኘ አይደለም። ሰውን ማስፈራራት ጥሩ አይመስለኝም።

ጠጋኙ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ማስፈራራት አይደለም ወንድሜ። ኮንቨርትን እኔም እወደዋለሁ፣ በደንብ የተሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ ዲስኩን ይፈትሻል፣ ስህተት ካገኘ አልቀይርም ይላል። ከዚያ አዲሱን የኤንቲኤፍኤስ መዝገብ ባዶው ቦታ ላይ ይገነባል። የድሮውን የፋት መዝገብ እስከ መጨረሻ አይነካውም። ስለዚህ መሀል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ዲስኩ ፋት32 እንደሆነ ይቆያል።

እኔን የሚያሳስበኝ ዲስኩ ነው። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ወድቋል፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ኮንቨርት ጤነኛ ዲስክ ላይ ጥሩ ነው። የታመመ ዲስክ ላይ ግን አዲስ መዝገብ የሚጻፍበት ቦታ ራሱ የሞተ ሊሆን ይችላል። መብራቱም አለ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ቢሆን፣ ምን እንደሚቀር ማንም አያውቅም። አስራ አምስት ዓመት ዲስክ ስጠግን ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ከሁሉም በላይ በዚህ ነው። የዋጋውን ነገር አውቃለሁ። ለዚያ ነው "በውሰት" ያልኩት።

ኤንቲኤፍኤስ በቂው የሆነ፣ ዲስኩም ጤነኛ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ ግን እንዲህ ያድርግ። ላፕቶፕ ላይ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ። ከዚያ በፊት ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ ትእዛዝ ከ/ኤፍ ጋር ያሂድ። የዲስኩን ስም ደግሞ አስቀድሞ በአጭር የእንግሊዝኛ ቃል ይሰይመው። ኮንቨርት ከመጀመሩ በፊት የዲስኩን ስም ጻፉ ይላል፣ በትክክል ካልተጻፈለት ይቆማል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ይደናገጣል።

ፔንግዊን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

ሁለተኛ ዲስክ ጨርሶ ለማይገኝለት አንድ ሌላ መንገድ አለ። ጂፓርትድ በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ የፋት32ቱን ክፍል ማሳነስ ይቻላል፤ የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት ፋት32ን አያሳንስም። በተገኘው ባዶ ቦታ ላይ ኤክስፋት የሆነ አዲስ ክፍል ይፈጠራል። ፋይሎች በየተራ ወደዚያ ይዛወራሉ። ሲያልቅ የድሮው ክፍል ይሰረዛል። ኤክስፋትን ራሱን ግን ጂፓርትድ መለጠጥ ስለማይችል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ዲስክ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው መንገዱ እንዳለ ለማሳወቅ ነው። ለየባህርዳሯ አልመክርም። ሁሉም ሥራ የሚሠራው እዚያው የወደቀው ዲስክ ላይ ስለሆነ የጠጋኙ ስጋት እዚህም አለ።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ኤክስፋት ችግር የለውም። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ከ5.4 ጀምሮ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ.፣ ራሱ ይዞታል።

ካሜራማን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:45

የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነኝ። "ፎርማት ይደረግ" የሚለውን ቃል ሳነብ ልቤ ነው የደነገጠው። የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ።

ዲስኬ አንድ ቀን ሲሰካ "ከመጠቀምህ በፊት ፎርማት ማድረግ አለብህ" አለ። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ምንም ሳይጠይቀኝ "ፎርማት" የሚለውን ተጫነው። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም። ሁለት ሠርግ ነበር ውስጡ፣ ባለቤቶቹ ገና ያልተረከቡት።

ያዳነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጫነው ፈጣኑን ፎርማት ነበር። ፈጣኑ መዝገቡን ነው አዲስ የሚያደርገው፣ ፋይሉ ራሱ ከሥር ይቀራል። ሙሉውን ፎርማት ቢያደርገው ኖሮ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን በሙሉ ዜሮ ስለሚጽፍበት አበቃለት ነበር። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፍኩበትም። ነቅዬ ቤቴ ወሰድኩት።

ፎቶሬክ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው ያወጣሁት። ወጣ፣ ግን የፋይሎቹ ስም በሙሉ ጠፋ። ሁሉም በቁጥር ነው የመጣው። ሙሽራዋ ስትወጣ የቱ ጋ ነው፣ ኬክ ሲቆረጥ የቱ ጋ ነው፣ አንድ በአንድ ከፍቼ እያየሁ አምስት ሌሊት ፈጀብኝ። ዲስኩ ላይ ተበጣጥሰው የተቀመጡት ትልልቅ ቪዲዮዎች ደግሞ ከነጭራሹ አልተከፈቱም።

ይህ ሁሉ ሊወጣ የቻለው ዲስኩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ስለሆነ ነው። ኤስኤስዲ ቢሆን ትሪም የሚባለው ነገር የተሰረዘውን ወዲያው ያጸዳዋል፤ ምንም አይወጣም ማለት ይቻላል።

እህቴ፣ ቅጂው በእጅሽ ሳይኖር ለማንም አትስጪ።

ጡረተኛው_መምህር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ልጆቼ፣ በጨዋታችሁ መሀል ስለገባሁ ይቅርታ። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። 16 ጊጋ ፍላሽ አለኝ። የልጅ ልጄ ኤንቲኤፍኤስ አደረገልኝ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮዬ መዝሙሬን አያነብም። ኮምፒውተር ላይ ግን ይከፈታል። ወደ ድሮው መመለስ ይቻላል?

ጠጋኙ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:25

ጋሼ፣ ኧረ ምን ይቅርታ፣ ደስ ብሎን ነው። ሬዲዮዎች፣ የመኪና ቴፖችና የቆዩ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ የሚያውቁት ፋት32ን ብቻ ነው። ኤንቲኤፍኤስን ወደ ፋት32 በቀጥታ የሚመልስ የዊንዶውስ ትእዛዝ የለም። የእርስዎ ግን 16 ጊጋ ስለሆነ ቀላል ነው። የልጅ ልጅዎ መዝሙሮቹን በሙሉ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥልዎ፣ ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ያሰማዎ። ከዚያ ፍላሹን ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ፋት32 ብሎ ይምረጥ። መዝሙሮቹን ይመልስ። ከኮምፒውተሩ ላይ ግን ሬዲዮው አንብቦ እስኪሰሙት ድረስ አይሰርዝ።

ጡረተኛው_መምህር
ረቡዕ፣ ከቀኑ 10:40

ተባረክ ልጄ። እየሰማሁ ነው።

የባህርዳሯ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

የአክስቴ ልጅ 1 ቴራ ዲስክ አዋሰኝ። ትናንት ማታ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ጀመርኩ። ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ የኮፒ ትእዛዝ ነው የተጠቀምኩት፣ አንድ ጓደኛዬ እሱ ይሻላል ስላለችኝ። ሁለቱንም ዲስክ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ፈጣኑ የዩኤስቢ መሰኪያ ላይ ሰካሁ። 400 ጊጋ አካባቢ ድረስ በደንብ ሄደ።

አሁን ግን አንድ ፋይል ላይ ቆሟል። "30 ሰከንድ እየጠበቅኩ ነው፣ እንደገና ልሞክር ነው" ይላል፣ ይሞክራል፣ ስህተት ይላል፣ እንደገና 30 ሰከንድ። ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲሁ ነው። ዲስኩም ቀስ ያለ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ፋይሉ የእኔ የልደት ቪዲዮ ነው፣ የ2001ዱ። ምን ላድርግ? እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ጠጋኙ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:58

አይዞሽ። አሁኑኑ ኮንትሮልና ሲን ተጭነሽ አስቁሚው። እስካሁን የተላለፈው የትም አይሄድም።

ሮቦኮፒ ካልነገርሽው በስተቀር ያልተነበበለትን ፋይል አንድ ሚሊዮን ጊዜ ነው የሚሞክረው፣ በየመሀሉ 30 ሰከንድ እየጠበቀ። ዲስኩን እዚያው የታመመው ቦታ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ያሠቃየዋል። እንደገና ስትጀምሪ መጨረሻው ላይ /አር:1 /ደብልዩ:1 ጨምሪበት። አንዴ ሞክሮ እምቢ ካለው ዘሎት ይሄዳል። የተላለፉትን ድጋሚ አይቀዳም፣ ከቀረው ነው የሚቀጥለው።

ከዚያ በፊት ግን ዲስኩን ነቅለሽ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቀዝ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን የዲስክ ጤንነት የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚና ዲስኩን መልሰሽ ስትሰኪ ምን እንደሚል ንገሪኝ። ቼክዲስክን እንዳታሂጂ። የታመመ ዲስክ ላይ ከኮፒ በፊት ቼክዲስክ ማሄድ ቁስል ላይ መቆም ነው።

የባህርዳሯ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:52

ቢጫ ሆኖ "ኮሽን" ይላል። ሲ5 የሚለው መስመር ላይ ቢጫ ነጥብ አለ። መጨረሻው ላይ ብዙ ዜሮ ሆኖ 18 ይላል።

ጠጋኙ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:01

ያ ቁጥር በ16 መሠረት ነው የተጻፈው፣ በእኛ አቆጣጠር 24 ማለት ነው። ዲስኩ ማንበብ ያቃታቸው፣ ፍርዳቸው ያልተወሰነ 24 ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትንንሽ ክፍሎች፣ አሉ ማለት ነው። በባይት ሲታሰብ ብዙ ጊዜ 12 ኪሎባይት ብቻ ነው። ኢምንት ነው። ግን ይህ ዲስክ ከእንግዲህ አይታመንም።

ስለዚህ ጥያቄሽ ተቀይሯል። ይህን ዲስክ ወደ ኤክስፋት አንቀይረውም፣ ወደ ምንም አንቀይረውም። ውስጡ ያለውን እናወጣለን፣ ከዚያ ያርፋል።

ዋይፋይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:20

እህቴ፣ ሰኞ ዕለት ዝም ብለሽ ኮንቨርት አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። የዲስኩን ጤንነት መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ። የላፕቶፕሽ ቦታ ካነሰሽ እኔም እዚሁ ባህር ዳር ነኝ፣ አንድ ባዶ 500 ጊጋ ዲስክ አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

የባህርዳሯ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:30

ዋይፋይ ወንድሜ፣ አንተ እኮ በቅንነት ነው የመለስክልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሌሊት ጨረሰ! /አር:1 ካልኩት በኋላ ያ ፋይል ላይ ሁለት ጊዜ ብቻ ተንተባትቦ አለፈው። መጨረሻ ላይ ያወጣው ሠንጠረዥ "ፌይልድ" በሚለው ሥር 2 ይላል። የልደቱ ቪዲዮና አንድ ፎቶ። የቀረው ሁሉ ተላልፏል። የአባቴን ካሴቶች ስምንቱንም ከፍቼ መጀመሪያና መጨረሻቸውን ሰማሁ። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሁለቱን ፋይሎች ማውጣት ይቻል ይሆን?

ፔንግዊን
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2:15

ይህ የእኔ ተራ ነው። ዲዲረስኪዩ የሚባል አለ። ተራ ኮፒ አንድ የታመመ ቦታ ሲያጋጥመው ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል። ዲዲረስኪዩ ግን የታመመውን ዘሎ ጤነኛውን መጀመሪያ ይሰበስባል። ከዚያ ወደቀረው ይመለሳል፣ በትንሽ በትንሹ እየቆረሰ ይሞክረዋል። የቱ እንደተነበበ የቱ እንደቀረ በመዝገብ ስለሚይዝ አቁመሽ ነገ መቀጠል ትችያለሽ።

ከኡቡንቱ የመጫኛ ፍላሽ ላፕቶፑን አስነሺ፣ ሳትጭኚው "ሞክር" የሚለውን ብቻ ምረጪ። ኢንተርኔት ካለሽ ዲዲረስኪዩን እዚያው መጫን ይቻላል። የድሮው ዲስክ ላይ ምንም እንዳይጻፍ ለንባብ ብቻ እንክፈተው። የትእዛዙን ዝርዝር በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ በስልክ አብረን እንሠራዋለን።

የባህርዳሯ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:40

ከፔንግዊን ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ሠራን። ፎቶው በሦስተኛው ሙከራ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቪዲዮው ከ1.9 ጊጋ ውስጥ 8 ኪሎባይት ብቻ ቀረው። ከፈትኩት። ሻማ ላጠፋ ስል ምስሉ ለአፍታ አረንጓዴ ሆኖ ይሰበራል፣ ከዚያ ይመለሳል። አባቴ "በርቺ፣ በርቺ" ሲል ይሰማል። ድምፁ አልተቆረጠም።

ካሜራማን
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:55

እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ። ያቺን አረንጓዴ ቦታ ላኪልኝ፣ ጥቂት ፍሬም ናት፣ በነፃ አስተካክልልሻለሁ።

አዲስ_ገቢ
እሑድ፣ ከጠዋቱ 4:10

ክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። የባህርዳሯ አዲስ ዲስክ የምትገዢ ከሆነ ተጠንቀቂ። ገበያ ላይ "2 ቴራ" ተብለው በርካሽ የሚሸጡ ፍላሾችና ትንንሽ ዲስኮች አሉ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራ ብሎ ያሳያል። ውስጣቸው ግን 32 ወይም 64 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በላይ የተጻፈው ነገር ዝም ብሎ ይጠፋል፣ ስህተት እንኳ አይልም። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሳትመረምሪው ምንም እንዳታስገቢበት።

የባህርዳሯ
ከሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:30

አዲስ 1 ቴራ ገዛሁ። በኤች2ቴስትደብልዩ ሙሉ ሌሊት ፈተንኩት፣ ትክክለኛ ነው። ኤክስፋት አድርጌ ፎርማት አደረግኩት። ከተዋስኩት ዲስክ ወደ አዲሱ ሁሉንም ገለበጥኩ።

ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የስካን ፎቶዎቹንና የትንንሾቹን ፋይሎች ፎልደር ሳነጻጽር የፋይሎቹ ብዛት እኩል ነው፣ "ሳይዝ" የሚለውም እኩል ነው። "ሳይዝ ኦን ዲስክ" የሚለው ግን አዲሱ ላይ በጣም ይበልጣል። ተሳስቻለሁ?

ጠጋኙ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

አልተሳሳትሽም። ፋይል ሲስተም ቦታ የሚሰጠው በቁና ነው እንበል። የተዋስሽው ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ሳይሆን አይቀርም፤ ኤንቲኤፍኤስ እንደ ልማዱ በ4 ኪሎባይት ቁና ይሰፍራል። ኤክስፋት ከ32 ጊጋ በላይ በሆነ ዲስክ ላይ በ128 ኪሎባይት ቁና ነው የሚሰፍረው። የ10 ኪሎባይት ፋይል ቢሆንም አንድ ሙሉ ቁና ይይዛል። 40,000 ትንንሽ ፋይል ካለሽ እዚያ ላይ ብቻ 5 ጊጋ ገደማ ይሄዳል። ለቪዲዮ ምንም ለውጥ የለውም። የምታነጻጽሪው ብዛቱንና "ሳይዝ" የሚለውን ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሄዷል።

ደግሞም ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የሚሠራውን አስቀድሞ በማስታወሻ አይዝም። እየጻፈ ሳለ ኬብሉ ቢነቀል በቀላሉ ይጎዳል። "ሴፍሊ ሪሙቭ" ሳትይ እንዳትነቅዪው። ለእህትሽም ማኩ ላይ "ኢጀክት" ሳትል እንዳትነቅል ንገሪያት።

የተዋስሽውን ዲስክ ለአክስትሽ ልጅ አሁን አትመልሺ። ለምኚው፣ እህትሽ ከፍታ እስክታይ ድረስ ይቆይ።

የባህርዳሯ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ለመንኩት፣ እሺ ብሎኛል። የ11 ጊጋውን ሠርግም አሁን ኮፒ አደረግኩት። ያለምንም ጥያቄ ገባ። እናቴን ጠርቼ ላፕቶፑ ላይ አሳየኋት። "ያቺ ነጭ ለባሽ እኔ ነኝ?" እያለች ሁለቴ አስደገመችኝ።

የባህርዳሯ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 4:00

ዲስኩ ሜሪላንድ ደርሷል። እህቴ ማኩ ላይ ሰካችው፣ ምንም ሳትጭን ተከፈተ። የፋይሉን ብዛት በስልክ አነበበችልኝ፣ እኔ ካለኝ ጋር እኩል ነው። ለአክስቴ ልጅ ዲስኩን ነገ እመልስለታለሁ፣ ምክንያቱም ለቤት ሌላ ገዝቼ ሁሉንም ገልብጫለሁ። አሮጌው ዲስክ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል።

እህቴ የራሷን የመጀመሪያ ፎልደርም ጨምራበታለች። ስሙን "ለእማዬ" ብላዋለች።